ኮሌራን በብርጭቆ የጠጣው ፕሮፌሰር፦ የማክስ ፎን ፔተንኮፈር ሕይወትና ያነሣው ጥያቄ

መግቢያ

ስለ ምግብ ወለድ በሽታዎች ስንማር አንድ አነጋገር ቶሎ ይለምድብናል። ባክቴሪያው ምግቡ ውስጥ ገባ፣ ሰውየው በላ፣ ታመመ እንላለን። ፈተና ላይም ይህንኑ ጽፈን ማርካችንን እናገኛለን። ግን እኮ ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ከአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች ሁሉ እኩል በታመሙ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሆስፒታል ሲገባ፣ ሌላው ትንሽ ሆዱን ቆርጦት ሲተወው፣ ሦስተኛው ምንም ሳይሰማው የሚያድረው ለምንድን ነው? ያው ባክቴሪያ በአንዱ ወጥ ውስጥ ተራብቶ በሌላው ወጥ ውስጥ የሚጠፋውስ?

ይህን ጥያቄ ከ100 ዓመት በፊት አጥብቆ የጠየቀና በመጨረሻም የራሱን ሆድ ለሙከራ ያቀረበ አንድ ጀርመናዊ ሊቅ ነበር። የሰጠው መልስ በአብዛኛው ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። የጠየቀው ጥያቄ ግን ስህተት አልነበረም። እንዲያውም ዛሬ የምግብ ማይክሮባዮሎጂ የሚባለው ትምህርት ግማሹ የእሱን ጥያቄ ለመመለስ የሚደረግ ጥረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚህ ሰው ስም ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን ባጭሩ እናያለን፤ ቀጥለንም ከሕይወቱ ለትምህርታችን የሚጠቅመውን እናወጣለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና የመድረክ ፍቅር

ፔተንኮፈር በታኅሣሥ ወር 1818 ዓ.ም. በባቫሪያ ግዛት፣ በዳኑብ ወንዝ አካባቢ በምትገኝ ሊክተንሃይም በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ ልጅ የበዛበት ድኻ ቤተሰብ ነበር። ዕድል ሆኖ ሙኒክ ከተማ ውስጥ የንጉሡ ቤተ መንግሥት መድኃኒት ቀማሚ የሆነ አጎት ነበረው። ይህ አጎት ልጁን ወስዶ አሳደገው፣ አስተማረው፣ ሙያውንም እንዲወርስ አሰበ።

ይሁን እንጂ ወጣቱ ፔተንኮፈር ከአጎቱ ጋር ተጣልቶ ጠፋ። የት ሄደ ቢባል፣ አውግስቡርግ ከተማ ቴአትር ቤት ገብቶ ተዋናይ ሆነ! ስሙንም አሳጥሮ ለመድረክ እንዲመች አደረገው። የቴአትር ሕይወቱ ግን ብዙ አልቆየም። በኋላ ሚስቱ የሆነችው የሥጋ ዘመዱ ሄለን ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ ለመነችውና ተመለሰ። በ1843 በመድኃኒት ቅመማና በሕክምና ትምህርቱን ጨረሰ። ቀጥሎም በዘመኑ እጅግ ታዋቂ ወደነበረው ኬሚስት ወደ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ቤተ ሙከራ ሄዶ ሠራ። ሐሞት መኖሩን በስኳርና በሰልፈሪክ አሲድ የሚለይ፣ በስሙ የሚጠራ የኬሚስትሪ ምርመራ ያገኘው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ እንደልብ አልተገኘም። በ1845 በመንግሥት የገንዘብ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ ወርቅን ከፕላቲኒየም የመለየት ሥራ ሠራ። በ1847 በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በ1850 አጎቱ ሲሞት የቤተ መንግሥቱን መድኃኒት ቤት ተረከበ፤ እዚያም የሊቢግን የሥጋ ምጥን ማዘጋጀት ጀመረ። እንግዲህ ይህ ሰው ከምግብ ጋር የተገናኘው ገና በጠዋቱ ነው ማለት ነው።

የጤና አጠባበቅ ትምህርት አባት

ፔተንኮፈርን ታላቅ ያሰኘው ግን ጤናን በቁጥር መለካት እንደሚቻል ማሳየቱ ነው። ሰው የተፋፈገበት ክፍል ለምን እንደሚያፍን አጠና። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከ0.1 በመቶ በላይ ሲሆን አየሩ ለኑሮ እንደማይመች በ1858 አሳወቀ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ በሕንጻ አየር ማናፈሻ ትምህርት ውስጥ በስሙ ይጠራል። በ1861 ደግሞ ሰው በሙሉ ሰውነቱ ገብቶ የሚቀመጥበት፣ የሚተነፍሰው አየር የሚለካበት ክፍል አሠራ። ከካርል ፎይት ጋር ሆኖ ምግብ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚቃጠል ያጠኑት በዚህ መሣሪያ ነው።

በ1865 የጤና አጠባበቅ ትምህርት ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ሲሰጠው የመጀመሪያው የሙኒክ ፕሮፌሰር እሱ ሆነ። በ1879 የራሱ ኢንስቲትዩት ተከፈተለት። በ1873 ለከተማው ሕዝብ በሰጣቸው ትምህርቶች ላይ አንድ ከተማ በበሽታ ምክንያት በየዓመቱ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያጣ አስልቶ አሳየ። የፍሳሽ ቦይ መሥራት ወጪ ሳይሆን ትርፍ መሆኑን ሹማምንቱ የገባቸው ሂሳቡን ሲያዩ ነው። ሙኒክ ቀስ በቀስ የፍሳሽ ቦይ፣ በ1878 ማዕከላዊ ቄራ፣ በ1883 ደግሞ ከማንግፋል ሸለቆ የሚመጣ ንጹሕ የምንጭ ውሃ አገኘች። በታይፎይድ የሚሞተው ሰው ቁጥርም በእጅጉ ወረደ።

የ1854ቱ ኮሌራና የሦስቱ ፊደላት ሐሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1854 በጋ ሙኒክ ትልቅ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ከፍታ እንግዶች እየጎረፉ ሳለ ኮሌራ ገባ። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ፔተንኮፈር ራሱም ታሞ ዳነ። ሐዘኑንና ድንጋጤውን ወደ ሥራ ለወጠውና የሞቱትን ሰዎች ቤት በየመንገዱ መዘገበ። ያገኘው ነገር አስገረመው። በሽታው በአንዳንድ ሠፈር ቤት አጥፍቶ ሲያልፍ በሌላው ሠፈር ጭራሹን አልገባም። ረባዳና እርጥብ መሬት ላይ ያሉ ቤቶች ይበልጥ ተጎድተዋል። በሽታው በበጋና በመኸር ይበረታል፣ በክረምት ይቀዘቅዛል። እንደ ሊዮን ያሉ አንዳንድ ትልልቅ ከተሞች ደግሞ ሕሙማን እየገቡባቸው እንኳ ወረርሽኝ አይነሣባቸውም።

ከዚህ ተነሥቶ የሚከተለውን ሐሳብ አቀረበ። ኤክስ የሚባል የበሽታ ዘር አለ። ይህ ዘር ከሰው ጋር ይጓዛል፣ ብቻውን ግን አያሳምምም። ዋይ የሚባል የአካባቢ ሁኔታ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም እርጥብ፣ ቆሻሻ የሞላበት፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ዝቅ የሚል መሬት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ዜድ ይወለዳል፤ ሰውን የሚገድለው እሱ ነው። በዚህ ላይ የሰውየው የራሱ ተጋላጭነት ይጨመራል። በዚህ ምክንያት ለብዙ ዓመታት በሙኒክ የከርሰ ምድር ውሃን ከፍታ እያስለካ መዘገበ።

በዚያው በ1854 ለንደን ውስጥ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ኮሌራ በመጠጥ ውሃ እንደሚተላለፍ በካርታ ማሳየቱን ሁላችንም ተምረናል። ፔተንኮፈር ግን ይህን አልተቀበለም። ንጹሕ ውሃ ለከተማ እንዲመጣ የታገለ ሰው፣ ውሃው ራሱ ኮሌራ ይሸከማል መባሉን ሲክድ ኖረ። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ቢመስልም እሱ ንጹሕ ውሃ የፈለገው ሠፈሩንና መሬቱን ለማጽዳት ነበር።

የኮህ መምጣት

በ1883 እና በ1884 ሮበርት ኮህ ወደ ግብፅና ወደ ሕንድ ተጉዞ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ተመለሰ። ለብዙ ሰው ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ። ጀርሙ ተገኘ፣ በውሃና በምግብ ይገባል፣ አለቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ኮህ ራሱ የባክቴሪያውን የኑሮ ሁኔታ በጥንቃቄ አጥንቶ ነበር። ባክቴሪያው ሲደርቅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ግን ይራባል። አሲድ አይወድም። ስለዚህ ኮህ የቤተ ሙከራ እንስሳትን ባክቴሪያውን ቢያበላ እምቢ ቢሉት፣ በመጀመሪያ የጨጓራቸውን አሲድ በሶዳ አበረደ፣ የአንጀታቸውንም እንቅስቃሴ በኦፒየም አዘገየ። ያን ጊዜ ታመሙለት። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የጀርሙ ጠበቃ የሆነው ሰው እንኳ ጀርሙ ብቻውን እንደማይበቃ በእጁ አይቷል። ሁለቱ ሊቃውንት ሳያውቁት ተቀራርበው ነበር። ልዩነቱ ፔተንኮፈር ዋይን የፈለገው ከመሬት ሥር ሲሆን፣ ትልቁ ዋይ ግን ሆድ ውስጥና ድስት ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሃምቡርግና የጥቅምቱ ብርጭቆ

በነሐሴ 1892 ኮሌራ ሃምቡርግን መታ። ከተማዋ የምትጠጣው ከኤልበ ወንዝ የተቀዳ ያልተጣራ ውሃ ነበር። ከተማው ሹማምንትና ሐኪሞች መካከል የፔተንኮፈርን ትምህርት የሚከተሉ ብዙዎች ስለነበሩ እርምጃው ዘገየ። ወደ 8,600 ሰው አለቀ። አጠገቧ ያለችው አልቶና የምትጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው፤ እንዲያውም የሃምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በታች የቀዳችው ነው። ነገር ግን ውሃዋን በአሸዋ ታጣራ ስለነበር በአብዛኛው ተረፈች። በአንዳንድ ጎዳናዎች ላይ በግራ ያሉት ቤቶች ሲያለቅሱ በቀኝ ያሉት ደህና ነበሩ። መሬቱ አንድ ነው፣ ውሃው ግን ይለያል። ለፔተንኮፈር ሐሳብ ከዚህ የበለጠ ከባድ መልስ አልነበረም።

እሱ ግን አልተረታም። ጥቅምት 7 ቀን 1892፣ 74 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው፣ የኮሌራ ባክቴሪያ ያደገበት ሾርባ አስመጥቶ 1 ሚሊ ሊትር ያህሉን ከውሃ ጋር ቀላቀለ። በውስጡ ብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያ እንደነበረ አያጠራጥርም። ተቃዋሚዎቹ የጨጓራህ አሲድ ነው ያዳነህ እንዳይሉት 1 ግራም ሶዳ ጨመረበት። ከዚያም ጠጣው!

ምግቡንም እንደ ወትሮው በላ። ከሁለት ቀን በኋላ ተቅማጥ ያዘው፣ ጥቂት ቀን ቆየበትና ተወው። ዓይነ ምድሩ ሲመረመር በባክቴሪያው ተሞልቶ ተገኘ። ረዳቱ የነበረው ሩዶልፍ ኤመሪክም ከ10 ቀን በኋላ እንዲሁ ጠጣ። እሱ ጠንከር ያለ ተቅማጥ ያዘው፤ እሱም ግን ዳነ። ፔተንኮፈር ይህን እንደ ድል ቆጠረው። ባክቴሪያው አንጀቴ ውስጥ ተራብቷል፣ እኔ ግን አልሞትኩም፣ ስለዚህ የሙኒክ መሬት ዋይን አልሰጠውም የሚል ትርጉም ሰጠው።

ይህ ሙከራ በኋላ ሌሎች እንዲደግሙት አድርጓል። ፓሪስ ውስጥ በሜችኒኮፍ ቤተ ሙከራ ባክቴሪያውን ከጠጡት ፈቃደኞች አንዱ በእውነተኛ ኮሌራ ክፉኛ ታሞ ለጥቂት ተርፏል። ስለዚህ የሙኒኩን ብርጭቆ እንደ ጀግንነት ብቻ ማየት አይገባም። ሁለት ሰው ድኗል ማለት ሌላው ይድናል ማለት አይደለም።

ለምን አልሞተም? ዛሬ የምናውቀው

ታዲያ ሽማግሌው ለምን ተረፈ? አንድ መልስ ብቻ የለም።

የመጀመሪያው፣ ኮሌራ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወይ ምንም ምልክት አያሳዩም ወይ ቀላል ተቅማጥ ብቻ ይኖራቸዋል። ከባዱን በሽታ የሚይዙት ጥቂቶች ናቸው። የደም ዓይነት እንኳ ለውጥ ያመጣል፤ ኦ የሆኑ ሰዎች በኮሌራ ሲያዙ የመባስ ዕድላቸው ከፍ ይላል። ፔተንኮፈር የሰውየው የራሱ ተጋላጭነት ያለው ነገር ባዶ አልነበረም።

ሁለተኛው የጨጓራ አሲድ ነው። በአሜሪካ በፈቃደኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ያለ ሶዳ በውሃ የተጠጣ ብዙ መቶ ሚሊዮን ባክቴሪያ እንኳ ሳያሳምም ያልፋል። ከሶዳ ጋር ሲሆን ግን 1 ሚሊዮን ያህሉ ብዙዎችን ያሳምማል። ምግብም እንደ ሶዳ ያገለግላል፤ ሩዝና ዓሣ ባክቴሪያውን ከአሲዱ ይከልሉታል። ስለዚህ ስንት ባክቴሪያ ያሳምማል የሚለው ጥያቄ በምን ውስጥ ሆኖ ሲዋጥ የሚል ካልተጨመረበት መልስ የለውም።

ሦስተኛው የባክቴሪያው የቅርብ ታሪክ ነው። በ2002 በታተመ ጥናት፣ ከባንግላዴሽ ሕሙማን ዓይነ ምድር በቀጥታ የተወሰደ የኮሌራ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ ካደገው ይልቅ አይጦችን የመያዝ ኃይሉ እስከ 700 እጥፍ ይደርሳል። ይህ ኃይል ውሃ ውስጥ ሲቆይ በሰዓታት ጊዜ ውስጥ ይቀንሳል። ፔተንኮፈር የጠጣው ደግሞ በሾርባ ያደገ ካልቸር ነበር፤ ከሰው አንጀት ትኩሱን የወጣ አልነበረም።

አራተኛው፣ ባክቴሪያው መርዙን ሁልጊዜ አያመርትም። የኮሌራን መርዝ የሚያዝዙት ጂኖች የሙቀትን፣ የአሲድን፣ የጨውን መጠን እያዩ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ክላሲካል የሚባለው ዝርያ በቤተ ሙከራ በ30 ዲግሪና በፒኤች 6.5 ብዙ መርዝ ሲያመርት፣ በ37 ዲግሪና በፒኤች 8.5 ግን እምብዛም አያመርትም። ፔተንኮፈር ከመሬት ሥር የፈለገው ዋይ የተገኘው እዚህ ነው፤ ባክቴሪያው አካባቢውን የሚያነብበት መሣሪያ ውስጥ።

ከድስት እስከ ኩሬ

ነገሩን ወደ ምግብ ስናመጣው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ1986 በጊኒ ኮሌራ ሲነሣ አጥኚዎች የሰዎችን ምግብ መረመሩ። አድሮ የተበላ የኦቾሎኒ ወጥ ከበሽታው ጋር ተያያዘ፤ የቲማቲም ወጥ ግን አልተያያዘም። በቤተ ሙከራ ሲታይ ባክቴሪያው በኦቾሎኒው ወጥ ውስጥ በፍጥነት ተራባ፣ ኮምጣጣ በሆነው ቲማቲም ውስጥ ግን አልተራባም። ወጥ ሠሪዋ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ባክቴሪያውም አንድ፤ የለያቸው የወጡ አሲድነት ነው።

ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ኮሌራ ድርቀት ሲገድለው ሳልሞኔላ በደረቅ ምግብ ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ እንደ ቸኮላት ያለ ቅባት ያለበት ምግብ ውስጥ ሲሆን በጥቂት ቁጥርም ያሳምማል። ሊስቴሪያ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ይራባል። አሲድም ቢሆን ሁልጊዜ መድኅን አይደለም። በ1990 ፎስተርና ሆል እንዳሳዩት፣ ሳልሞኔላ በመጀመሪያ በፒኤች 5.8 ከተለማመደ በኋላ በ3.3 ላይ የመትረፍ አቅሙ በጣም ይጨምራል። ይህ እኛ እቤታችን የምናረጋውን እርጎ ያስታውሰናል። ወተቱ ሲኮመጥጥ ብዙ ባክቴሪያ ይገታል፤ መጀመሪያውኑ በተበከለ ወተት ላይ ቀስ እያለ የሚመጣ አሲድ ግን አንዳንዱን ሊያለማምደው ይችላል። ስለዚህ እርጎ ኮምጣጣ ስለሆነ ብቻ ከአደጋ ነፃ ነው ማለት አይቻልም።

ወደ ኩሬና ወንዝ ስንወርድም ፔተንኮፈር ስለ ወቅትና ስለ ቦታ ያየው ነገር ትርጉም ያገኛል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሪታ ኮልዌልና የሥራ ባልደረቦቿ እንዳሳዩት የኮሌራ ባክቴሪያ በውሃ ውስጥ ነዋሪ ነው። ኮፔፖድ በሚባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ሁኔታው ሲከፋበት በሕይወት እያለ በካልቸር የማይበቅል ይሆናል፤ ፈልገን አጣነው ማለት የለም ማለት አይደለም። ውሃው ሲሞቅና ኮፔፖዶቹ ሲበዙ እሱም ይበዛል። ባንግላዴሽ ውስጥ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ በአራት በአምስት አጥፈው እንዲያጠሩ ሲደረግ በሽታው ወደ ግማሽ ገደማ መቀነሱ በ2003 ተዘግቧል። ጨርቁ ባክቴሪያውን ለብቻው አያስቀርም፤ የተጣበቀበትን እንስሳ ግን ያስቀራል። አካባቢውን ያወቀ ሰው በአሮጌ ጨርቅ ያሸንፋል ማለት ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ፔተንኮፈር በ1883 የመኳንንት ማዕረግ ተሰጥቶት ፎን ተብሏል። ከ1890 ጀምሮ የባቫሪያ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። ክብሩ አልጎደለበትም። ነገር ግን ሚስቱ ሄለን በ1890 ሞተችበት፤ ልጆችንም ቀብሯል። በ1894 ከማስተማር ጡረታ ወጣ። ሳይንሱ በኮህ መንገድ ሄደ፤ እሱ ብቻውን ቀረ። እርጅናና የመንፈስ ጭንቀት ተደራርበውበት በየካቲት 1901፣ በ82 ዓመቱ፣ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ለአንድ ከተማ ሕዝብ ጤና ዕድሜውን የሰጠ ሰው መጨረሻው እንዲህ መሆኑ ያሳዝናል።

ማጠቃለያ

ከፔተንኮፈር ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ትልቅ ስም ያለው ሰው በአንድ ሐሳብ ላይ ሲደርቅ፣ ማስረጃው ከፊቱ ቆሞ እንኳ አያየውም። በሙኒክ ብዙ ሕይወት ያተረፈው ያው እጅ በሃምቡርግ የውሃ ማጣሪያው እንዲዘገይ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነበር። የአካባቢ ሁኔታ ወሳኝ ነው ማለት ጀርሙን መከላከል አያስፈልግም ማለት አይደለም። ውሃ ማጣራት፣ እጅ መታጠብ፣ ምግብን ማብሰል፣ ትኩሱን መብላት ምንም ዓይነት ክርክር አያስቀራቸውም።

ሁለተኛው ለእኛ ለዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ነው። ኮህ ማን እንደሚያሳምም አስተማረን። ፔተንኮፈር ደግሞ መቼ፣ የትና ማንን ለምን እንደሚያሳምም እንድንጠይቅ አስገደደን። ነገ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ ወይም ጤና ጣቢያ ውስጥ ስንሠራ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ባክቴሪያ ተገኝቷል የሚል ቃል እናነባለን። ያን ጊዜ ምግቡ ምን ያህል ኮምጣጣ ነው፣ ምን ያህል እርጥብ ነው፣ በስንት ዲግሪ ስንት ሰዓት ቆየ፣ የሚበላውስ ሕፃን ነው ወይስ ጎልማሳ ብለን መጠየቅ አለብን። ውሳኔያችን ትክክል የሚሆነው እነዚህን ስንመልስ ነው። ሽማግሌው በጥቅምት 1892 ብርጭቆው ውስጥ የጨመረው 1 ግራም ሶዳ ይህን ሁሉ ይዞ ነበር። የሆድ ውስጥ ሁኔታ ለውጥ ባያመጣ ኖሮ ሶዳውን መጨመር ባላስፈለገው ነበር። መልሱን በእጁ ይዞት ነበር፤ ጠጣውና መሬቱን መቆፈር ቀጠለ።